የታጠበው የደም ሥር

«የአጎቴ እጅ አካፋ ነው» ያለችው የገዛ እህቴ ልጅ ናት። ሰኞ ጠዋት፣ ላብራቶሪው በር ላይ፣ ባልደረቦቿ እየሰሙ። ሁሉም ሳቁ፤ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ቀጭኔ የምንለው ረጅሙ ቴክኒሻን ነው። አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ መሆኗን ከነሱ ማን ያውቃል።

ሥራዬ ከቄራ የበሬ የደም ሥር በበረዶ ሣጥን አምጥቶ፣ አጥቦ ማስረከብ ነው። እነሱ እንደ ቀለበት ይቆርጡትና ለብ ባለ ጨዋማ ውሃ ውስጥ በሽቦ ይሰቅሉታል። አንድ መድኃኒት ጠብ ሲያደርጉበት ይኮማተራል። ከዚያ አድሬናሊን መሰል ሌላ መድኃኒት ይጨምሩበታል። የሥሩን ውስጥ የሸፈኑት ሕዋሳት ለዚህ መድኃኒት በር አላቸው ይላሉ፤ በሩ ሲንኳኳ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቃሉ፣ ሥሩም ይላላል፣ የሽቦውን ውጥረት የሚያሳየው የስክሪኑ መስመርም ይወርዳል። እኔ ሥር ማምጣት ከጀመርኩ ወዲህ ግን መስመሩ ወርዶ አያውቅም። እንዲህ ከቀጠለ ሥር የሚያመጣ ሌላ ሰው እንደሚፈለግ በጨዋ ቋንቋ ተነግሮኛል።

እኔ የጠረጠርኩት ቀጭኔን ነው። ጥርሱ ይስቃል፣ ሆዱን ግን ማን አይቶት። ሥራ የፈታ ወንድም እንዳለውም ሰምቻለሁ። ቀለበቱን ሲሰቅል በመስኮት አየሁት፤ እንደ እንቁላል ነው የሚይዘው። እያየሁት መሆኑን አውቆ ነው አልኩ በሆዴ።

ዛሬ የእህቴ ልጅ ራሷ ቄራ ሄዳ ሥር ይዛ መጣች። የእሷንና የእኔን ጎን ለጎን ሰቀሉ። የእሷ መስመር ወረደ፤ የእኔው ንቅንቅ አላለም። የደገሱልኝ ነገር እንዳለ ገባኝ። የቀረውን ልጠብ ብዬ ወደ ማጠቢያው ሄድኩ። ተከትላኝ መጥታ ከኋላዬ ስትቆም አላየኋትም።

የማጥበው ድሮ ሥጋ ቤት ስሠራ እንደለመድኩት ነው። ጨርቅ ጣቴ ላይ ጠቅልዬ፣ ደሙ እስኪጠፋ ውስጡን እፈትገዋለሁ። ደም የቀረበት ነገር ለሰው አይሰጥም።

«አጎቴ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታጥበው?»

«ታዲያ ቆሻሻ ላስረክባችሁ?»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በጨርቁ የምትጠርገው እኮ ሕዋሳቱን ነው። እኛ የምንፈልገው እነሱን» አለች። «ሥራው ያንተው ነው። ከነገ ጀምሮ ግን ሳታጥብ አምጣልኝ። ማንም አልነገረህም እንዴ?»

ማን ይነግረኛል። ለስድቡ ሰው ሰብስባ፣ ለዚህኛው ብቻዋን መምጣቷን ልብ አልኩ። ብቻዋንም አልነበረችም፤ የቀጭኔ ራስ በሩ ላይ ብቅ ብሏል። መቼ እንደመጣ እንጃ።

ጨርቁን ጨምቄ ሰቀልኩት። እጄን አደረቅሁ። በመካከላቸው አልፌ ወጣሁ።