የአናጢው በረንዳ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን አሳምራ ታውቀዋለች። አናጢ ነው፤ እጁ ወርቅ፣ ጭንቅላቱ ግን ድንጋይ። ቤታቸው ጫካው ጥግ ነው። ባለፈው በጋ ሰደድ እሳት የማዶውን ሰፈር እንዳልነበር ካደረገው ወዲህ የኢንሹራንሱ ድርጅት፣ «በቤታችሁ ዙሪያ ያለውን ደረቅ ነገር ካላነሳችሁ ውል አናድስም» ብሏል። ቤቱ ቢነድ ሌላ የሚሠሩበት አቅም የላቸውም፤ እሷን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው። እሱን ግን ምን ተዳው።

የድርጅቱ ተቆጣጣሪ ግቢውን ሊያይ የሚመጣ ዕለት አጅሬ ቅጠሉንም ጭራሮውንም ጠራርጎ ግቢውን መስተዋት አስመሰለው። ጥራጊውን የት አደረገው? በረንዳው ሥር። አልሸሹም ዞር አሉ።

«ኧረ ሰውየው ያየዋል» አለችው፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ።

«ማን ጎንበስ ብሎ ያያል?»

ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ አየ።

«አባባ፣ ጥራጊው ብቻ አይደለም። የእንጨቱ በረንዳ ከቤቱ ጋር ተጣብቋል። እሱ ካልፈረሰ አልፈርምም።»

«አንድ ሚስማር የሌለበት በረንዳ እኮ ነው። እንጨት በእንጨት ቆላልፌ ነው የሠራሁት።»

«እሱን ለእሳቱ ይንገሩት» ብሎ፣ በሳምንቱ እንደሚመለስ ነግሯቸው ሄደ።

አናጢው አኮረፈ። በረንዳው ላይ ተጎልቶ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ተቆጣጣሪውን ሲያማ ሰነበተ። ሚስቱ ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

«ቤቱ ሲነድ እዚሁ ቁጭ ብለህ ልትሞቅ ነው?» አለችው።

ሲብስባት መጋዙን አንስታ አንዱን ቋሚ መገዝገዝ ጀመረች። ጨርቅ የለመደ እጅ ነውና እንጨቱን ቧጨረችው። ባልየው ጥርሱን ነክሶ ጥቂት ታገሠ፤ ከዚያ በላይ ግን አልቻለም።

«እንዲህ ተደርጎ ይቆረጣል? አምጪ ወዲህ።»

መጋዙን ነጥቋት ወዲያ አስቀመጠና፣ መጋጠሚያዎቹን የያዙትን የእንጨት ሽብልቆች በመዶሻ እያንኳኳ ያወጣ ጀመር። የትኛው ቀድሞ እንደሚወጣ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ያወጣውን እያንዳንዱን ሽብልቅ በእጁ እየጠረገ በተራ ሲደረድር አየች። አሳዘናት፤ ያጠራቀመችውን ስድብ ሁሉ ትታ የሚነቅለውን እንጨት ትቀበለው ጀመር።

ተቆጣጣሪው መጥቶ ፈረመ፤ ወደሚቀጥለውም ቤት አለፈ። ወዲያው፣ እነሱም በረንዳችሁን አፍርሱ የተባሉት ጎረቤቶች የአናጢውን በር ያንኳኩ ጀመር። የመንገዱን በረንዳ ሁሉ የሠራው እሱ ነው፤ ከእሱ በቀር የሚፈታው የለም።

«ሂድ እንግዲህ» አለችው ሚስቱ። «ማን ጎንበስ ብሎ ያያል ስትል አልነበር? ይኸው የሁሉንም አየልህ።»

አናጢው መዶሻውን ይዞ፣ በሕይወቱ የሠራውን ሁሉ ሊያፈርስ ወጣ።