አሠልጣኝ አበጋዝ ዝም ያለበት ጨዋታ

በወለጋ አሠልጣኝ አበጋዝ ያልደረሰበት ከተማ ጥቂት ነው። የስፖርት አስተማሪ ሆኖ መጀመሪያ ደምቢ ዶሎ፣ ቀጥሎ ጊምቢ፣ ከዚያ አርጆ ተመደበ። በሄደበት ሁሉ የቅርጫት ኳስ ቡድን አቋቁሞ የጠቅላይ ግዛቱን ዋንጫ አንሥቷል። ወላጆቹ ከሸዋ መጥተው አርጆ የከተሙ ስለሆኑ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በኦሮምኛ አፉን ፈትቷል። ሜዳ ዳር ቆሞ የሚጮኸውም በኦሮምኛ ነበር። «ገራ ሚርጋ!» ሲል ልጆቹ ወደ ቀኝ ይጎርፋሉ፤ «ዴቢሲ!» ሲል ኳሷ ወደ ኋላ ትመለሳለች።

በ1962 ዓ.ም. ወደ ነቀምት ተዛወረ። የቡድኑ አምበል ዋቅወያ የሚባል የጉቴ ገበሬ ልጅ ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። በግንቦት ለፍጻሜ ደረሱ። በዋዜማው የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አበጋዝን አስጠራው።

«ነገ ሹማምንት ይመጣሉ» አለው። «በሜዳዬ ላይ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ እንዳልሰማ። የተናገረ ይባረራል፤ አስተማሪም ይሁን ተማሪ።»

«ልጆቹ የለመዱት ጥሪ እኮ ነው።»

«እንግዲያው ያስተዉአቸው።»

አበጋዝ ለልጆቹ ሊነግራቸው ወጣ። ሜዳው ላይ ሲሣሣቁ አገኛቸው። አሁን ብነግራቸው ይረበሹብኛል፣ እኔ ዝም ካልሁ ይበቃል ብሎ ተወው። አራተኛው ዋንጫ በጣም አምሮት ነበር።

በማግስቱ ካፊያ ነበር። አበጋዝ እጁን አጣምሮ ቆመ። ልጆቹ ጥሪውን ቢጠብቁ ቢጠብቁ አልመጣም፤ እርስ በርስ መጋጨት ጀመሩ። ከእረፍት በኋላ በስምንት ነጥብ ተመሩ። ዋቅወያ ኳሷን ለማንሣት ወደ እሱ ሲቀርብ «ጋሼ፣ ምነው?» አለው። አበጋዝ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በኋላ ዋቅወያ ራሱ መጣራት ያዘ። «ገራ ሚርጋ!» የሚለው ድምፁ ከሹማምንቱ ዳስ ድረስ ተሰማ። ቡድኑ ነፍስ ዘራ፤ በአንድ ነጥብ አሸነፈ። ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው፣ አበጋዝም ዋንጫውን ተቀበለ።

ሰኞ ጠዋት ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ ሳለ ዋቅወያ ወደ ፊት ተጠራ።

«ይህን ጥሪ ማን አስተማረህ?» አለው ዳይሬክተሩ።

«ማንም። የእናቴ ቋንቋ ነው።»

ወደ አስተማሪዎቹ አልተመለከተም። መባረሩ ተነበበ። አበጋዝ እዚያው ከአስተማሪዎቹ መካከል ቆሞ ነበር።

ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ሐሙስ ዕለት ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባ። «ጥሪውን ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ቅጣቱ ለእኔ ይሁን» አለ።

«ለእርስዎም አይቀርልዎትም» አለ ዳይሬክተሩ። «የልጁ መባረሪያ ደብዳቤ ግን ወጥቷል።»

በሳምንቱ አበጋዝ በቅጣት ኪራሙ ወዳለ ትንሽ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ከመሄዱ በፊት ወደ ጉቴ ወረደ። የዋቅወያ አባት አቶ ደረሳ በደጃፋቸው ተቀበሉት፤ «አካም ጅርቱ፣ ያ ባርሲሳ?»፣ እንዴት ነዎት መምህር፣ ብለው እንደ ክቡር እንግዳ ሰላም ሲሉት የሚገባበት ጠፋው። ዋቅወያ በቆሎ እየኮተኮተ ነበር።

«ዳይሬክተሩ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር» አለው አበጋዝ። «ለእናንተ አልነገርኋችሁም።»

ዋቅወያ የጀመረውን መስመር እስከ ጫፉ ኮተኮተ። ከዚያ ቀና አለ።

«ብትነግረን እኮ በእጅ ምልክት እንጫወት ነበር፣ ጋሼ።»

ቀጣዩን መስመር ጀመረ። አበጋዝ በመጣበት መንገድ ተመለሰ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የጠቅላይ ግዛቱን ምርጥ ቡድን እንዲያሠለጥን ከነቀምት ደብዳቤ ደረሰው። «በመጀመሪያ ዋቅወያ ደረሳ ወደ ትምህርቱ ይመለስ» ብሎ መለሰ። ወር ጠበቀ፣ ሁለት ወር ጠበቀ፤ ሌላ ሰው መሾሙን ከመንገደኛ ሰማ። ዋቅወያም በዚያ ክረምት አግብቶ፣ ከአባቱ ጎን ጎጆ ወጥቶ ነበር።