ሁለት ተሿሚዎች የተሸከሙኝ ቀን

አባቴ ኚያ ሉ የቫንግ ጎሳ አውራ ነበር፤ አማቴ ብሎንግ ደግሞ የሞዋ። ሁለቱ ዓይንና ናጫ ነበሩ። እኛ የላኦ ተራራ ሞንጎች የራሳችንን ጎሳ ሰው አናገባም፤ ወንድም ነዋ! ስለዚህ ዓመት ሙሉ ስንሰድበው የከረምነውን ጎሳ ደጅ ጠንተን ሚስት እንለምናለን። እኔም በዚሁ ወግ ተለምኜ፣ ከታችኛው መንደር ወጥቼ ላይኛው መንደር ለብሎንግ ልጅ ለትሱ ተዳርኩ።

በዚያ ዓመት የአገራችን ሹም ሞተና የሚገዙን ፈረንሳዮች ሌላ ሊሾሙ ሆነ። ሹም ማለት ግብር የሚሰበስብ፣ ሰው ለመንገድ ሥራ የሚያስወጣ፣ ዳኝነት የሚያይ ነው። ለሁለቱም ጎሳ አንድ ሰው ብቻ። አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ሕልም አልነበረውም። አማቴም ቢሆን ሌላ ነገር አያወራም።

ሿሚው ፈረንጅ በሚመጣበት ዕለት ማለዳ እኔ አባቴ ቤት ነበርኩ። የመውለጃ ቀኔ ገና ነው ብዬ እናቴን ልጠይቅ ወርጄ አድሬያለሁ። ገና ሩዙን ሳልቀምስ ምጥ ጀመረኝ።

እናቴ ፊቷ አመድ መሰለ። "ወይኔ ጉዴ! ተነሺ ልጄ! እዚህ እንዳትወልጂ!"

ጨክናብኝ አይደለም። ያገባች ሴት አባቷ ቤት ከወለደች የቤቱ መናፍስት ይቆጣሉ። ከሁሉ የባሰው ግን የእንግዴ ልጁ ነገር ነው። እሱ የሰው የመጀመሪያ ልብሱ ነው። የወንድ ከቤቱ ምሰሶ ሥር፣ የሴት ከወላጆቿ አልጋ ሥር ይቀበራል፤ ሰው ሲሞት ነፍሱ እዚያው ተመልሳ ትለብሰዋለች። እኔ መንገድ ላይ ብወልድ የልጄ ነፍስ ልብሷን የት ሄዳ ትፈልግ?

እናቴን ተደግፌ ወጣሁ። ወደ ባሌ ቤት የሚወስደው መንገድ ገበያውን ያቋርጣል፤ የሹመቱ ጉባኤም እዚያው ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች የብር ድሪያቸውን አንጠልጥለው፣ በየጎሳቸው ታጅበው ፈረንጁ ፊት ተገትረዋል። እኔ መሀላቸው ደርሼ ተንበረከኩ።

"አባዬ፣ መጣ!" አልኩ።

አባቴ አማቴ ላይ አፈጠጠበት። "ምን ትጠብቃለህ? ምራትህ አይደለችም?"

"ልጅህ አይደለችም? ምጥ እስኪይዛት ማን ቤት ጎልተሃት ነበር?"

ፈረንጁ የመጣበት ወንበር አጠገባቸው ነበር፤ ግራና ቀኙ ቀርከሃ የታሰረበት፣ ሰው የሚሸከመው። አባቴ አንስቶ አስቀመጠኝ። ባሌ ሊያግዝ ሲጠጋ ሁለቱም "ዞር በል!" አሉት። አባቴ ልጁን ለሞዋ ብቻ አይሰጥ፤ አማቴ ምራቱን ለቫንግ ብቻ አይተው። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ አነሡኝና ዳገቱን ተያያዙት። ፈረንጁ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ቀስ በል አንተ ሞዋ! ልጄን ገደል ልትከታት ነው?"

"አንተ ፊት ሆነህ ስትጎተት ምን ላድርግ? በሬህ እንኳ ከአንተ ይፈጥናል!"

"በሬዬማ በበሬ ግጥሚያው የአንተን በሬ ሲያባርር ነው ሩጫ የለመደው!"

"በሬዬ ያኔ ታሞ ነበር!"

"በየዓመቱ?"

"ዝም በሉ!" ብዬ ጮህኩ። "ሁለታችሁም ዝም በሉ!" ሁለት ጎሳ የሚፈራቸው ሰዎች ጸጥ አሉ። እኔ ምጡ መሀል ሳቅ ያዘኝ፤ ስቄም አለቀስኩ።

ደረስን፤ ወለድኩም፤ እዚያው ባሌ ቤት። ወዲያው በሩ ላይ ለምለም ቅጠል ተሰቀለ፤ ከእንግዲህ የውጭ ሰው አይገባም። አባቴ የሞዋን ደፍ አልረግጥም ብሎ ሲምል ኖሮ፣ መግባት ባማረው ቀን ክልክል ሆነበት። ጆሮውን ሳንቃው ግድግዳ ላይ ለጥፎ ቆመ። ባሌ ለእንግዴ ልጁ መቆፈር ጀመረ፤ አማቴ "ይህ ጉድጓድ ነው?" ብሎ መቆፈሪያውን ነጠቀው። አባቴ የቁፋሮው ድምፅ ከምሰሶው ሳይሆን ከአልጋዬ ሥር መሆኑን ሲሰማ፣ "ሴት ናት! እሰይ! እንደ ልጄ ሴት ናት!" ብሎ ጮኸ።

ያኔ ፈረንጁ በእግሩ ዳገቱን ጨርሶ፣ ላቡን እየጠረገ ደረሰ። አብሮት የመጣው ላኦ አስተርጓሚ አባቴን አየው። "ጌታዬ ዳግመኛ እዚህ አልወጣም ይላል። ቆሞ ያገኘው የጎሳ አውራ አንተ ነህ። ና፣ ሹመትህን ተቀበል።"

እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሁሉን እሰማለሁ።

"የልጅ ልጄ ልብስ እዚህ ቤት ሊቀበር ነው" አለ አባቴ። "እዚህ ደጅ ግብር ልጠይቅ? አባቷንስ ለመንገድ ሥራ ልንዳ? አላደርገውም። ሹሙ ውስጥ ነው፤ እየቆፈረ ነው። ይጠብቀው።"

አማቴ አፈር እንደለበሰ ዘሎ ወጣ። "ማን ለመነህ? ዕድሜ ልኬን ውለታ ልታሸክመኝ! አልቀበልም!"

"ትቀበላለህ!"

"አልቀበልም አልኩ!"

ፈረንጁ ምን እንደሚሉ ጠየቀ። አስተርጓሚው ድካሙ ስለበረታበት፣ "ተስማምተዋል" አለው።

እንዲህ ሆኖ አማቴ ተሾመ። ተመልሶ ሲገባ ሕፃኗን አየ፤ ከዚያ ግድግዳውን፤ የአባቴ ትንፋሽ በስንጥቁ ይሰማል። መቆፈሪያውን አነሣና የገዛ ቤቱን አንድ ሳንቃ ነቀለ።

"እጅህን ስጠኝ" አለው። "የተከለከለው እግር ነው፤ ስለ እጅ የተናገረ የለም።"

የአባቴ እጅ በቀዳዳው ገባ። ልጄም ጣቱን ያዘች።