መስታወት የለሰነው ግድግዳ

አባቴን ሰው ፊት ካድኩት። ለስለስ ያለ አባባል ፈልጌለት ነበር፤ የለውም። «ይህን ልስን ማን ሠራው?» ተብዬ ተጠየቅኩ። መልሱ ኮቱን ለብሶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። እኔ ግን «አይታወቅም» አልኩ። ይህ የሆነው ቅዳሜ ነው፤ ገና ሳምንት አልሞላውም።

የምሠራው አሮጌ ሕንፃዎችን የሚያድስ ቢሮ ውስጥ ነው። አሁን የያዝነው ቤት ሲሠራ የእህል መጋዘን ነበር፤ በኋላ ፍርድ ቤት ሆነ፣ ከዚያ የሴቶች ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የእርግቦች ሆኖ ቆየ። አሁን ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ነው። ኃላፊዬ ሰፈርተኛው ቤቱን እንዲለምደው ብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ያስከፍታል፤ ሰው እየመጣ ይጠይቃል። የምመልሰው እኔ ነኝ። «አንቺ አፍ አለሽ» ብሎ ነው የመደበኝ። አፍ አለኝ። ትዕግሥት እንዳለኝ ግን አልጠየቀኝም።

ሰው ስለ አሮጌ ቤት የሚጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ግድግዳው ለምን ይህን ያህል ወፈረ?» ድንጋይና ጭቃ ስለሆነ፤ ቢቀጥን አይቆምም። «ጭቃ ነው እንዴ?» ይላሉ፣ የተሰደቡ ይመስል። «እውነት እንቁላል ቀላቅለውበታል?» አልቀላቀሉም፤ እንቁላሉን በልተውታል። «ከሥሩ ዋሻ አለ ይባላል።» ይህ አይቀርም። በሰው ሐሳብ አሮጌ ቤት ሁሉ ከሥሩ ዋሻ አለው፤ «የአጎቴ ጓደኛ ገብቶበት በወንዙ በኩል ወጥቷል» የሚል ሰውም በየቅዳሜው አይጠፋም። የአጎቱን ጓደኛ አምጣው ሲባል ግን ሞቷል። «ለምን አፍርሳችሁ በመስታወት አትሠሩትም?» የሚሉት ደግሞ ሊፍቱ በተበላሸበት አዲስ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው።

መስታወት ካልን፣ የአባቴ ቅጽል ስም ነው። አባቴ ለሳኝ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ የሰው ግድግዳ ሲለስን የኖረ። የሙያ ጓደኞቹ መስታወት ያሉት በልስኑ ላይ ፊትህን ታያለህ ለማለት ነው። ያጋንናሉ፤ ብዙ ግን አይደለም። ማጠናቀቂያው ላይ መሣሪያውን ያስቀምጥና መዳፉን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ የታመመ ልጅ ጀርባ እንደሚያሻሽ ሰው፣ ቀስ እያለ ግድግዳውን ያሻሸዋል። ትልቁ ሥራው ይኸው አሁን እኔ የምሠራበት ቤት ነው። ከውጭም ከውስጥም፣ ሙሉውን በሲሚንቶ የለሰነው እሱ ነው። ልጅ ሆኜ በአጠገቡ ባለፍን ቁጥር ያስቆመን ነበር።

«እስቲ በእጅሽ ዳብሺው። ምን ይመስላል?»

«ሳህን» እላለሁ።

እሱ ይስቃል። እናቴ ፌስታሏን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው እያዛወረች «አንተ ሰውዬ፣ ቲማቲሙ ሟሟ እኮ» ትላለች። እሱ ግን ትንሽ ቆሞ ካላየው አይንቀሳቀስም።

ሥራው ላይ ከተመደብኩ ጀምሮ በየቀኑ እራት ላይ «ልስኔ እንዴት ነው?» ይለኝ ነበር። «እየመረመርን ነው» እለዋለሁ። መርምረን ጨርሰናል። የጭቃ ግንብ ውሃ ይጠጣል፣ መልሶም ያስወጣል፤ ኖራ ሲቀባ ይህን አይከለክለውም። ሲሚንቶ ሲለጠፍበት ግን መውጫው ይዘጋል። እርጥበቱ ከመሬት ይገባል፣ መሄጃ ያጣል፣ ጭቃውን ከውስጥ ይበላዋል። የአባቴ ግድግዳ ከውጭ ሳህን፣ ከውስጥ ዱቄት ሆኗል። «ሥራህ ቤቱን ገደለው» የሚባል ነገር ደግሞ ሰው ወጥ እያጠቀሰ አይነገረውም። ቢሮም አልተናገርኩም። ኃላፊዬ በስብሰባ ላይ ያንን ልስን «ወንጀል» ብሎት ሁሉም ሲስቅ፣ እኔም ስቄያለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ወንበሮቹ ሲሞሉ አባቴ ገባ። እንደሚመጣ አልነገረኝም። አብሮት ያለው ሚስማር የሚሉት ነው፤ አናጢ፣ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፣ ቀጭንና አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ሰው። አባቴ ከሩቅ አገጩን ከፍ አደረገልኝ፤ አትረበሺ፣ ሥራሽን ሥሪ እንደ ማለት። ያን ጊዜ ወደ ጎን ጠርቼ ልነግረው እችል ነበር። ግን ሰዓቱ ደርሷል፣ ኃላፊዬ በሩ ሥር ቆሟል፣ እኔም የጀመርኩትን ማቋረጥ አልወድም።

ወንበሮቹ የተደረደሩት ልስኑን የላጥንበት ቦታ ፊት ለፊት ነው። የላጥነው የአንድ መስኮት ያህል ነው።

«ይህ ግድግዳ ይተነፍስ ነበር» አልኩ። «ውሃ ይጠጣል፣ ፀሐይ ስትመጣ ይመልሳል። እንዲህ ሆኖ ስንት ትውልድ ኖረ። ከዚያ አንድ ሰው መጣና አፍና አፍንጫውን በሲሚንቶ አፈነው።»

ሰው ሳቀ። ይህችን በየቅዳሜው እላታለሁ፤ በየቅዳሜው ታስቃለች። ጣቴን በድንጋዮቹ መሃል ስከት ጭቃው እንደ ዱቄት ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

«ወይ ጉድ!» አለች አንዲት ሴት። «ማን ነው ይህን ያደረገው ደደብ?»

አባቴን አየሁት። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀርቷል፤ እሱ ግን ከውስጡ ወጥቷል።

ሚስማር ጆሮው ብዙም አይሰማም፤ የመጋዙ ጩኸት በልቶበታል። የተባለውን አልሰማም፤ ተራው መድረሱን ብቻ ነው ያወቀው። እጁን አወጣ።

«እኔ የምለው» አለ፣ እንደ ተማሪ በቃሉ የያዘውን እያነበነበ፣ «ይህን የመሰለ ልስን ማን ሠራው? መስታወት እኮ ነው!»

ያኔ ገባኝ። ተነጋግረው ነው የመጡት። ሚስማር ይጠይቃል፤ እኔ «አባቴ ነው፣ ያውላችሁ» እላለሁ፤ አባቴ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጎንበስ ይላል። ፀጉሩን የተስተካከለው ለዚህ ነበር።

ኃላፊዬ ያየኛል። የሴትየዋ «ደደብ» ገና አየሩ ላይ ነች።

«አይታወቅም» አልኩ። እዚያ ላይ እንኳ ባቆም ጥሩ ነበር። «በዚያን ጊዜ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ነበር የሚያሠሩት።»

«ማን አለች?» አለው ሚስማር አባቴን።

አባቴ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «አይታወቅም አለች» አለው። ስንት ሰዓት ነው ተብሎ የተጠየቀ ያህል ነው የተናገረው። ከዚያ ራሱ እጁን አወጣ።

«ኢንጂነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።»

«ይጠይቁ» አልኩ። አባቴን። ሌላ ምን ልበል?

«ሰውየው ባይለስነውስ ኖሮ? እንዲያው ቢተወው?»

ልዋሽለት እችል ነበር። እሱ ግን ለመታረቅ አይደለም የጠየቀው፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። አርባ ጥያቄ ስመልስ እንደዚያ ከልቡ የጠየቀኝ ሰው የለም።

«ባይነካው ይሻለው ነበር» አልኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተቀመጠ። እስከ መጨረሻው አልወጣም። የዋሻውን ጥያቄ እንኳ ሰምቶ ነው የሄደው።

ቤት ስገባ እናቴ ልብስ እያጠፈች ነበር።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«ምንም።»

«ሰው ኮቱን ለብሶ የሚተኛው ምንም ሳይሆን ነው?»

ነገርኳት። ያጠፈችውን ሸሚዝ ፈታችና እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

«ስሙን ብጠራ ይዋረድ ነበር» አልኳት። «ለእሱ ብዬ ነው።»

«ለእሱ ነው?» አለች። ለእሱ እንዳልነበረ ያወቅኩት እሷ ስትጠይቀኝ አይደለም፤ ቃሉ ገና አፌ ላይ እያለ ነው ያወቅኩት። ያቺ «ደደብ» የምትባል ቃል እኔንም እንዳትነካኝ ነው የሸሸሁት።

እሑድ ጠዋት ከመኝታ ቤታቸው ቁም ሳጥን ሲጎተት ሰማሁ። ስገባ አባቴ ማዕዘኑ ላይ ተንበርክኳል። ያ ማዕዘን በየክረምቱ ያልበዋል። አባቴ በየዓመቱ በሲሚንቶ እየደገመ ይለስነዋል፤ እናቴ በየዓመቱ የጎረቤታችንን ቧንቧ ትረግማለች። በዚያ ቧንቧ የተነሳ ከሴትየዋ ጋር ሰላምታ የለንም። አባቴ በግንበኛ ማንኪያው ጫፍ ልስኑን ፈነቀለው፤ ከኋላው ያለው ጭቃ ተንዶ ጉልበቱ ላይ ወረደ።

ዞር ብሎ አየኝ። «ይሄም?»

«ይሄም።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። «ታዲያ ያቺን ሴት በከንቱ ነው ስዘጋት የኖርኩት?» አለች። ማንም አልሳቀም፤ በሌላ ቀን ቢሆን ግን ሆዳችንን እስኪያመን እንስቅ ነበር።

የሰፈሩ ግንበኞችና አናጢዎች ጠዋት ጠዋት የሚገናኙበት ሻይ ቤት አለ። አባቴ ታሞ እንኳ አይቀርበትም። ሰኞ አልሄደም። ማክሰኞም አልሄደም፤ ግቢው ውስጥ ባልዲ ሲያጥብ ዋለ፤ ባልዲው ንጹሕ ነበር።

ረቡዕ ለሥራ ስወጣ ሚስማር በሩ ላይ ደረሰ።

«ኢንጂነር» አለኝ፣ «እኔንስ ታውቂኛለሽ? ልጅ ሆነሽ ትከሻዬ ላይ ሸንተሽብኛል።»

«አውቅዎታለሁ፣ ጋሼ» አልኩ። ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ።

«እንኳን ታወቅኩ! የት አለ እሱስ?»

አባቴ ከውስጥ ወጣ። ሚስማር እንደ ልማዱ እየጮኸ ጀመረ፤ «ሰው ሁሉ መስታወት የት ገባ እያለ ነው። ደግሞ የእህቴ ቤት ይጠብቅሃል። አሸዋው ተራግፏል፣ ሲሚንቶው ገብቷል። መቼ ነው የምትለስንላት?»

«የእህትህ ቤት በምንድን ነው የተሠራው?»

«በምን ይሠራል? እንደ ሰው ቤት ነዋ! ጭቃ ነው።»

«አልለስነውም።»

«ምን?»

«አልለስነውም! ይበሰብሳል!» ይህን ጎረቤታችንም ሳትሰማ አልቀረችም።

ሚስማር በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «ይቺ ባወራችው ነው? አንተን አላውቅህም ያለች ልጅ ስለ ግድግዳ ታውቃለች ብለህ ነው?»

«መኝታ ቤት ግባና እይ» አለው አባቴ።

ገባ። ቆየ። ሲወጣ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞታል።

«የእኔንም ቤት አንተ ነህ የለሰንከው» አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«አዎ።»

«የጓደኛችንን የግንበኛውንም።»

«የእሱንም። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ከቅዳሜ ጀምሮ በሐሳቤ በየቤቱ ስዞር ነው የሰነበትኩት።» ሱሪው ላይ የቀረውን ጭቃ በእጁ አራገፈ። «አሁን ሻይ ቤት ማን ማን አለ?»

«ካንተ በቀር ሁሉም አለ።»

«ሂድ፣ ወንበር ያዝልኝ። መጣሁ።»

ሚስማር ሄደ። አባቴ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ኮቱን አወረደ። ጭቃ የነካውን ሱሪ ግን አልቀየረም። አጋጣሚው እንዳያመልጠኝ ቸኮልኩ።

«አባዬ፣ ለኃላፊዬ ነግሬዋለሁ። ልስኑን የሠራው አባቴ ነው ብዬዋለሁ።»

«ማን ማን ባለበት?»

«እኔና እሱ ብቻ ነበርን።»

ራሱን ነቀነቀ። «ምን አለ?»

ልደብቀው አስቤ ነበር፤ መደበቅ ግን አንገፍግፎኛል። «ሲሚንቶውን በምን ያህል አሸዋ እንደለወስከው ጠይቂልኝ አለ። ለመላጥ እንዲመቸን።»

ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ አጭር ሳቅ፣ በአፍንጫው። «አጠንክሮ ነው የሠራው በይው። ይቸገራሉ።» ከዚያ የሳቀበት ነገር ራሱ ያሳፈረው ይመስል ዓይኑን ወደ ኮቱ ቁልፎች መለሰ።

«አብሬህ ልምጣ?» አልኩት። «ብዙ ነገር ይጠይቁሃል። ለምን እንደሚበሰብስ፣ ቀድሞ የተለሰነው ምን እንደሚደረግ። እኔ ላስረዳቸው።»

«ይጠይቁኛል» አለ። የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፈ። «መጀመሪያ የሚጠይቁት ግን ማን ሠራው ብለው ነው። ምን ልትያቸው ነው?»

አፍ አለሽ ተብዬ የተመደብኩት እኔ፣ አፌን ከፍቼ ቆምኩ።

«እኔው እነግራቸዋለሁ» አለ።

የውጭ በራችን ዘሞ ወለሉን ይፈጫል፤ እኔ ሁልጊዜ ገፍቼ አስጩኼው ነው የምወጣው። አባቴ ወጣ፤ በሩን በመያዣው ከፍ አድርጎ፣ ያለ ምንም ድምፅ ከኋላው ዘጋው።