ሁለት አገር የጠየቃት ልጅ

አያ ውዱ ጎረቤቴ ነው። በመካከላችን ያለው የቁልቋል አጥር ፍየል ያግዳል እንጂ ወሬ አያግድም። ስለዚህ የምጽፈውን ወይ አይቼዋለሁ ወይ ሰምቼዋለሁ፤ የቀረውን እሱ ራሱ እየኮራ ነግሮኛል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍሁም። እሱ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ስሙን መጻፍ የቻለ ሰሞን በበሩ፣ በሞፈሩና በውኃ ጀሪካኑ ላይ ሁሉ «ውዱ» ብሎ የጻፈ ሰው ነው። ጀሪካኑን የሚሰርቀው አልነበረም። ደስ ብሎት ነው።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ ላይ፣ ከደሴ ለቆቦ ተማሪዎች ሁለት የውጭ አገር ትምህርት ዕድል መጣ። ሁለቱም የጥርስ ሕክምና ነው። አንዱ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ የሚባል ከተማ፤ ሌላው ኩባ፣ ሀቫና። ደንቡ ቀላል ነበር፦ በውጤት አንደኛ የወጣው ቀድሞ ይመርጣል፣ የተረፈውን ሁለተኛው ይወስዳል። ተማሪው ገና ልጅ ከሆነ ወላጁ እሺ ማለት አለበት።

አንደኛ የወጣችው የአያ ውዱ ልጅ የሻረግ ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሁለተኛው ካሳው የሚባል የዋጃ ልጅ ነው። የካሳው እናት ባሏ የሞተባት ድሃ ናት። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነገሩን ተናግሮ ሳይጨርስ እሺ ብላ እልል አለች አሉ። አያ ውዱ ይህን ሲሰማ አዘነላት። «ምስኪን፤ ወንድ የሌለበት ቤት እንዲህ ነው» አለኝ። «ልጇን አረከሰችው።»

በእኛ አገር ልጅ ሲጠየቅ እንደዚያ አይባልማ። የልጅ አባት በመጀመሪያው ምልልስ ሽማግሌዎቹን ደጅ ላይ ያናግርና «ከዘመድ ልመካከር» ብሎ ይመልሳቸዋል። በሁለተኛው ቤት ያስገባል፣ ጠላ ይቀዳል፣ የጠያቂውን አጥንት ይመረምራል፣ አሁንም ይመልሳል። በሦስተኛው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ፍየል ታርዶ፣ እሺ ይባላል። በመጀመሪያው ቃል የተሰጠች ልጅ ዕድሜ ልኳን በባሏ ቤት «ገፍተው የሰጡን» ትባላለች። ይህን ሁሉም ያውቃል። ዳይሬክተሩ መምህር ደምሴ ግን ጎጃሜ ነው፤ ከመጣም ዓመት አልሞላውም።

የሻረግ «ጥርስ፣ ጥርስ» የምትልበትን ምክንያት ሰፈሩ ያውቃል። እናቷ አልማዝ ድዷ የተነቀሰ፣ ስትስቅ ገበያው ዞሮ የሚያያት ሴት ነበረች። አንድ መንጋጋዋ ታመመና ጎብዬ ገበያ ጥርስ ከሚነቅል ሰው ዘንድ ወሰዷት። ጭንቅላቷን የያዘችው የሻረግ ናት። ጥርሱ ወጣ። ከዚያ አንገቷ አበጠ፣ ምራቋን መዋጥ አቃታት፣ ሳምንት ሳይሞላ ቀበርናት። አያ ውዱ «ቀኗ ነው» አለ። ልጅቷ ትምህርቷን ያዘች።

ክሊኒክ የሚሠራው ድሬሰሩ ታደሰ ስለ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች የሰማውን ነግሯት ነበር። የሶፊያዎቹ ቶሎ ሰው አፍ ውስጥ እጅ ያስገባሉ፤ የሀቫናዎቹ መጀመሪያ ሙሉ የሰው ገላ ያስተምራሉ፤ ስለዚህ ይረዝማል አላት። ስትመርጥ የከረመችው በእኔ ምድጃ ዳር ነው። አንድ ቀን ሶፊያ፣ ቶሎ ስለሚያልቅ። በማግሥቱ ሀቫና። ሽሮ እንድታማስል ተሰጥቷት ስንቱን ሽሮ አሳረረችብኝ። በመጨረሻ ማማሰያውን አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ አስካለ፣ እናቴን የገደላት ጥርሱ አይደለም። ከወጣ በኋላ ያበጠው አንገቷ ነው። መንቀልማ ያ ሰውዬም ችሎ ነበር። ሀቫና ነው የምሄደው።»

ለአባቷ እንድነግርላት ለመነችኝ። ነገርሁት። ሳቀብኝ። «ሙሽራ ባሏን ስትመርጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። እኔም ቀልዱን ቀጠልሁና ሁለት ባል በአንዴ የጠየቃት እሷ የመጀመሪያዋ ናት አልሁት። ይህቺን ወደዳት። ከዚያ በኋላ ገበያ ለገበያ «ልጄን ሁለት አገር ጠየቃት» ሲል ዋለ።

መምህር ደምሴ መጀመሪያ የመጣ ቀን ደጅ ላይ፣ ግንድ ላይ አስቀመጠው። ሰውየው «ጓድ ውዱ፣ እንኳን ደስ ያለዎ» ብሎ ጀመረ። አያ ውዱ የት አብረን ዘምተን ነው ጓድ የሆንነው አለውና ነገሩን በእርጋታ ሰማ። ከዘመድ ልመካከር ብሎ ሸኘው። ደምሴ እየደጋገመ ወደኋላ ሲዞር በአጥሩ አየሁት፤ የተሰደበ ይሁን የተመሰገነ አልገባውም።

ሁለተኛ ሲመጣ ቤት ገባ፣ ጠላ ተቀዳለት። አያ ውዱ አጥንት መመርመር ያዘ። ቡልጋሪያዎች ምን ይበላሉ? ከብት አላቸው? ደምሴ እርጎ የሚወድ ሕዝብ ነው መባሉን ሰምቻለሁ አለ፤ ይህ ለራያ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ኩባዎችስ? ስኳር ያመርታሉ። ጠበኛ አላቸው? እዚህ ላይ ደምሴ የውይይት ክበብ ያለ መስሎት አሜሪካ እንዴት እንደምትዝትባቸው፣ እንዴት እንደተታኮሱ በሰፊው አስረዳ።

አያ ውዱ ዋንጫውን አስቀመጠ። «ታዲያ ደም ያለበት ቤት ልጄን ልሰድ ነው?»

የሻረግ ጓዳ ሆና ይህን ሰማች። ደምሴ ወይ ይህን ወይ ያን ብቻ ይበሉኝ፣ መልሱ ዓርብ በመኪና ደሴ ይሄዳል አለ። አያ ውዱም እንግዲያው ከዓርብ በፊት ሐሙስ ተመለስ አለው፤ እግረ መንገዱንም ጠላ ጨመረለት። ደምሴ ዋንጫውን ጨልጦ ወጣ። መጨለጡን አያ ውዱ እንደ መልካም ምልክት ቆጠረው።

እሷ ግን የሰውየውን ፊት አይታለች። አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች። ሀቫና ይሁን አላለችም። የመረጠችውን ትታ የፈለግኸውን በል፣ ብቻ ዛሬ ሄደህ እሺ በላቸው አለችው።

«የጠያቂ ቤት ድረስ ሄዶ ልጅ የሚሰጥ አባት አለ?» አላት። «ገበያ የወጣሽ ፍየል ነሽ?»

ሐሙስ ፍየሏ ታረደች፤ እውነተኛዋ ማለቴ ነው። ወንድሙ ጋሹ ከጎብዬ መጣ፤ የዋጃ ዘመዶችም ደረሱ። ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰዎቹ ሶፊያን መርጠው፣ እርጎውን አድንቀው፣ ምርቃት ተከፋፍለው ጨረሱ። ለደምሴ ከአያ ውዱ ቀጥሎ መቀመጫ ተዘረጋ፣ ቁርበት ተነጠፈበት። ፀሐይ ከጀርባችን ወዳለው ደጋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ቁርበቱ ባዶ ነበር። ጋሹ ይህ ጎጃሜ በቅሎ ፍለጋ ሄደ እንዴ አለ፤ ሰው ሳቀ። አያ ውዱም ሳቀ። ጠያቂ ትንሽ መዘግየቱ ክብር ነው አለ።

የሻረግ ነጠላዋን አንሥታ በጓሮ ወጣች። ተከተልኋት። ጭቃው ጫማዋን ነጥቆ አስቀረ፤ ዞራ አላየችውም፤ እኔ ነቅዬ ያዝሁላት።

ደምሴ ቢሮውን ሊዘጋ ቁልፍ ይዞ ቆሟል። መልሱ ጠዋት በተነሣ መኪና ሄዷል አላት። ዓርብ ማለቱ መኪና ቢቀር ለመጠባበቂያ ነበር አለ። ካሳው መጀመሪያ እንዲመርጥ ተደርጎ ሶፊያን ይዟል። ሀቫና ለሦስተኛው ደርሷል፤ አላማጣ ያለ የአንድ ሹም ልጅ ነው። ለዚያ ልጅ አባት ወሬው መቼ እንደደረሰው ጠየቅሁት። ማክሰኞ ነው አለኝ፤ ከአያ ውዱ ቤት ጠላ ጠጥቶ የወጣ ዕለት ማለት ነው።

«አባትሽ ሁለት ጊዜ ከቤታቸው መለሱኝ» አላት። የተናደደ ለመምሰል ቢሞክርም ድምፁ የተገላገለ ሰው ድምፅ ነበር። «ወላጅ እምቢ ብሏል ብዬ ጻፍሁ። ሌላ ምን ልጻፍ?»

«እምቢ አይደለም መምህር። እሺ የሚባለው እንደዚያ ነው።»

«መንግሥት ባል አይደለም የሻረግ። አንዴ ይጠራል፤ ካልመጣሽ ሌላውን ይጠራል።» ቁልፉን ቆለፈና መቆለፉን ደግሞ ገፋ አድርጎ አረጋገጠ።

ስንመለስ ሰዎቹ እንደተቀመጡ ናቸው። በሩ ላይ ቆማ፣ ለሌላ ሰው የደረሰ ነገር እንደምታወራ፣ ያለውን ሁሉ ነገረቻቸው። ጋሹ ጉሮሮውን ጠረገና «እሺ፣ ፍየሏስ ምን አጠፋች?» አለ። አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ሌላው ለሀቫና ጎድኑን፣ ለሶፊያ ታፋውን ስጡልኝ እያለ ያሳስቃል። አያ ውዱ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። የሰዎቹን ሳቅ አይቶ ግን ተደገፈበት።

«የከለከልሁ እኔ ነኝ» አለ ጮክ ብሎ። «ደም ላለበት አልሰጥም አልሁ፤ አልሰጠሁም። የሻረግ፣ እጅ አስታጥቢያቸው።»

ማስታጠቢያውን አነሣች። ከጋሹ ጀምራ አንድ በአንድ አስታጠበቻቸው። ጣቶቻቸውን እያሻሹ «የጥርስ ሐኪም፣ ጥርሴን እይልኝማ» እያሉ አፋቸውን ይከፍቱባት ነበር። እሷም ታያለች፤ ምን እንዳየች አትናገርም። ለደምሴ የተነጠፈው ቁርበት ላይ አንዱ የዋጃ ዘመድ ተደላድሎ በላ።

ከዚያ በኋላ ቆቦ ስም አወጣላት፤ «የሶፊያ ፈት»። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ ባልሽ ደብዳቤ አልጻፈም ወይ ይሏታል። ክፋት ነው አልልም፤ ክረምቱ ገና አልወጣም፣ ሌላ ጨዋታ አልነበረም። ካሳው ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ሲወጣ እናቱ መንገድ ዳር እልል ስትል የሻረግ ከሰዉ ኋላ ቆማ አየች። ያቺ አረከሰችው የተባለች ሴት፣ ነጠላዋ የተቀዳደደ፣ ልጇ በመስኮት እጁን እያወዛወዘላት ነው። አያ ውዱን በዚያ ቀን ፈልጌ አጣሁት። በሬ ጠፍቶበት ነው አሉ። በሬዎቹ ሁለቱም በረት ውስጥ ነበሩ።

ማሽላው ተቆርጦ ክምር ሲሆን ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። የላካቸው የዋጃ ወፍጮ ባለቤት ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከአያ ውዱ በዕድሜ ቢበልጥ እንጂ የማያንስ። ሽማግሌዎቹ ገና የመጀመሪያ ምልልሳቸው ስለሆነ ስንቅ እንኳ አልያዙም፤ ደጅ ላይ ሊመለሱ አስበው በትራቸውን ሳያስቀምጡ ቆመዋል። እኔ በአጥሩ በዚህ በኩል ልብስ አሰጣለሁ።

ያላቸውን ተናገሩ። አያ ውዱ ግንዱ ላይ እንደተቀመጠ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «እሺ፤ ወስዳችኋታል» አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ታላቁ የሰማውን ያላመነ ይመስል እናንተም እንድትመካከሩ ሌላ ቀን ብንመለስ ምናምን ብሎ ተንተባተበ። አያ ውዱ አያስፈልግም አለ።

የሻረግ ጠላ ይዛ ወጣች። ዋንጫውን ለታላቁ ሰጠች፣ ሁለተኛውን ለታናሹ፣ ቀና አለችና አባቷን አየችው።

«አባዬ፣ አልተማከርህም እኮ።»

ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። «ሁለት አገር ጠይቆ የተዋትን ልጅ» አለ፣ «ማን ሦስቴ ይመላለስባታል?»

ሽማግሌዎቹ ጨዋታ መሰላቸውና ሳቁ። እሷም ማንቆርቆሪያውን አንሥታ ጨመረችላቸው።