ዙሪክ ለቅሶ ልንደርስ

ለቅሶ የሚደረሰው ሰው ሲሞት ብቻ ነው ያለው ማነው? እኛ ወሎ በሬ የሞተበትም፣ ቤት የተቃጠለበትም ይጠየቃል። ስለዚህ የልጄ አስተማሪ ሩሐማ ሥራዋን ማጣቷን ስሰማ ድፎ ዳቦዬን ጋግሬ፣ ጥቁር ሻርፔን አጣፍቼ፣ ልጄን ሳሚያን ይዤ ጄኔቭ ጥግ ካለችው ላንሲ ወደ ዙሪክ ተነሣሁ። አድራሻውን እንደሆነ ዙሪክ ያለ ሀበሻ ተጠይቆ አይጠፋውም።

«ማማ፣ ያለ ራንዴቩ አይኬድም» አለችኝ ሳሚያ ባቡር ላይ።

«ለቅሶ በቀጠሮ ነው እንዴ? ዝም በይ።»

ዝም ማለቱንስ ከሰሞኑ ለምዳዋለች፤ አንጀቴን ያሳረረኝም እሱ ነው። ሩሐማ ዙሪክ የተወለደች የጴንጤ ልጅ ናት፤ እኛ ጋ ላንሲ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆቹን ስለ ዘረኝነት ታወያያቸው ነበር። ሳሚያዬ መጀመሪያ ደፍራ የተናገረችው እዚያ ክፍል ነው። ከዚያ ፖለቲከኞች ተነሡና «ልጆቻችን በነጭነታቸው እንዲያፍሩ እየተደረገ ነው» ብለው ጮኹ። ትምህርቱ ተዘጋ፤ ሩሐማም ዙሪክ ተመልሳ ወላጆቿ ቤት ገባች። ልጄ ደግሞ እሷ በመናገሯ የተዘጋ መስሏት እህል አልበላም አለች። ብመክር፣ ብቆጣ ጠብ አላለም። ከራሷ ከሩሐማ አፍ ትስማው ብዬ ነው ይዣት የሄድኩት።

ሩሐማ በሩን ከፍታ ጥቁር ሻርፔን ስታይ ክው አለች።

«እትዬ ሀጅራ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ስለ ሥራሽ ልንጠይቅሽ ነው።»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ። «እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ሳሚያ እስክንቀመጥ እንኳ አልጠበቀችም። «ማዳም፣ በኔ ነው?»

ሩሐማ ልጄ ፊት ተንበረከከች። «አይደለም፣ የኔ ቆንጆ። እነዚያ ሰዎች አንቺን አያውቁሽም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

«ታዲያ አሁን ለማን ልናገር?»

ሩሐማ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ልጄ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንዳለች እኔ እናቷ ጠይቄያት እንደማላውቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስለ መዘጋቱ ስንገበገብ የተናገረችውን መጠየቁን ረስቼው ኖሯል።

«ለኔ» አልኳት። «ለኔ ንገሪኝ፣ እናቴ።»

አማርኛው ይቸግራታልና ቃል እየፈለገች ጀመረች።

«ጨዋታ ላይ ልጆቹ እጄን ይይዛሉ» አለች። «ከዚያ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ይጠርጋሉ።»

እጇን ያዝኩት። ጄኔቭ እስክንደርስ አልለቀቅኩትም።