ለነጯ ፒካፕ የተደረገ ዱዓ

ዘይኑን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «እኔ አይቼ እስክጨርስ አሚን እንዳትል» አልኩት።

«እሺ ጋሽ ፈቃደ።»

«ሸህ መጥተው ዱዓ ቢጀምሩም አትል።»

«እሺ አልኩ እኮ።»

«እጅህንም አትዘርጋ።»

እዚህ ላይ ትንሽ አሰበ። ዘይኑ የጨፋ፣ የከሚሴ ዙሪያ ሰው ነው። የጨፋን ሰው ዱዓ እየሰማህ እጅህን ኪስህ ውስጥ አቆይ ማለት፣ ዝናብ ሲመጣ ጤፍህን ከአውድማ አታንሳ እንደማለት ነው። የማንም በሬ ሲሸጥ፣ የማንም ልጅ ሲዳር፣ የማያውቀው ሰው መንገድ ሲወጣ አሚን የሚል ሰው ነው። አንድ ቀን ሰንበቴ ገበያ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሬዲዮ ላይ ለተደረገ ዱዓ አሚን ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

በእኛ አገር ደግሞ ሽያጭ የሚታሰረው በፊርማ አይደለም። ፊርማው ኋላ ለመንግሥት ተብሎ ይፈረማል። ሽያጩ የሚታሰረው ሽማግሌ ዱዓ አድርጎ፣ ገዢና ሻጭ አሚን ሲሉ ነው። ከዚያ ወዲያ ከብቱ እዚያው ወድቆ ቢሞት የገዢው ሬሳ ነው። አሚን ብሎ ያፈረሰ ሰው በሚቀጥለው ገበያ በግ ሊገዛ ቢሄድ፣ ባለቤቱ ቀርቶ በጉ ራሱ ፊቱን ያዞርበታል።

ጊዜው 1999 ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ነው። ዘይኑ ሃያ ሁለት ከብት ነበረው። ሁለቱን የእርሻ በሬዎች ጨምሮ ሃያ አንዱን ሸጠ። ከሚሴ የነበረችውን የቆርቆሮ ቤትም ሸጠ። የቀረችው አንዲት እርጉዝ ጊደር ናት፤ እሷም የቀረችው ሰንበቴ ድረስ አልሄድም ብላ መንገድ ላይ ስለተኛች ነው። ሐሳቡ ፒካፕ ገዝቶ ፍየልና ማሽላ ሊያመላልስ፣ ለማሳው በሬ ሊከራይ ነው። መኪናዋ ደህና ከሆነች ሐሳቡ ደህና ነው። ካልሆነች ግን ክረምቱ ሲገባ ዘይኑ በሬም የለው፣ መኪናም የለው።

እኔ መካኒክ ነኝ ብዬ አላውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመሥሪያ ቤት ሹፌር ሆኜ ስነዳ፣ መኪናው በረሃ ላይ ሲቆምብኝ ራሴ እየፈታሁ፣ ስገጥመው የሚተርፈኝ ብሎን እየቀነሰ እየቀነሰ ሄደ። ትምህርቴ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ተቀጣጠርን። እኔና ዘይኑ ሆን ብለን አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ሻጩ አብዱልጀሊል ቀድሞናል። ነጯን ፒካፕ አስፋልቱ ዳር ግራር ሥር አቁሟታል፤ ሞተሯ ተነስቷል። ኮፈኑን በመዳፌ ነካሁት። ይፋጃል።

«ለምን አስነሳሃት?»

«ለእናንተ ብዬ አሟሟቅኋት።»

«እኔ ቀዝቃዛዋን ነበር የፈለግኩት።»

«ቀዝቃዛ ከፈለግክ ለስላሳ ልጋብዝህ» ብሎ ሳቀ። ብቻውን ነው የሳቀው። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ በሽታውን ይናዘዛል። የሞቀ ሞተር ዝም በል የተባለ ሞተር ነው።

ከግራሩ ግንድ ሥር ሸህ ሙሳ ተቀምጠዋል። የአብዱልጀሊል እናት ወንድም ናቸው። ቀጭን፣ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ ያጋደሙ ሽማግሌ ናቸው። ዱዓቸው ይደርሳል እየተባለ ስለሚፈሩ፣ ሰው ከእሳቸው ጋር ሲከራከር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። አብዱልጀሊል ለምን እንዳመጣቸው ለመገመት መማር አያስፈልግም።

የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ስስብ ሸሁ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲህ ያ ጀማዓ…»

«ሸህ፣ ይቅርታ፣ ዘይቱን ልይ።»

ዘይቱ ደህና ነው። የራዲያተሩን ክዳን ስይዝ «እንግዲህ ኸይር ነገር ሲዘገይ…» አሉ።

«ሸህ፣ ውሃውን ብቻ።»

ውሃውም ደህና ነው። ፍሪሲዮኗን ረግጬ ማርሽ ቀያየርኩ፤ እሱም ደህና ነው። ደህና በበዛ ቁጥር ጥርጣሬዬም በዛ። ዘይኑ እጆቹን ከኋላው አቆላልፎ ቆሟል፤ በሕግ ጥላ ሥር ያለ ሰው ይመስላል።

«ጋሽ ፈቃደ፣ መኪና እያየህ ነው ወይስ ሚስት እያጨህ?» አለ አብዱልጀሊል።

«ሚስት ብትሆን ዘመዶቿን ጠይቄ ጨርሼ ነበር።»

«ሌላው ገዢ፣ የባቲው ሰውዬ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል። አሁን እንኳ ደውሎልኛል።» ስልኩን አሳየን። ሲጮኽ ግን ማናችንም አልሰማንም።

ባትሪዬን ይዤ ከሥር ገባሁ። በጀርባዬ ተኝቼ መኪናዋን የሚሸከመው ሻንሲ ላይ አበራሁ። ሁለቱ ረጃጅም ብረቶች ጫፍና ጫፋቸው ዝገትና ጭቃ ናቸው፤ መሀላቸው አዲስ ጥቁር ቀለም። በጣቴ ስነካው ጣቴ ጠቆረ።

«ሻንሲውን ማን ቀባው?» አልኩ ከሥር ሆኜ።

የአብዱልጀሊል ጫማ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «ለዝገት ነው። ያንተ ብትሆን አትቀባም?»

«ሁሉንም እቀባለሁ። ይኼ የተቀባው መሀሉ ብቻ ነው።»

«ቀለሙ ለመሀሉ ብቻ በቃ።»

የተሰበረና የተበየደ ብረት እንዲህ ይሸፈናል፤ ግን ቀለም ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም። መፋቂያ ቢኖረኝ እፍቀው ነበር፤ ግን የሰው ንብረት ነው፣ ሸሁም ለሦስተኛ ጊዜ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነው። ከሥር ተንፏቅቄ ስወጣ መዳፋቸው ከጭናቸው ግማሽ ክንድ ተነስቷል። የዘይኑም ትከሻ መላላት ጀምሯል።

ያን ጊዜ ዘምዘም መጣች። የዘይኑ ሚስት ናት። የባንክ ደብተሩ በእሷ ጉያ ነው ያለው።

«አከም ቡልተን» አለች፤ እንዴት አደራችሁ ማለቷ ነው በኦሮምኛ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ ሸሁ፤ መዳፋቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። በልቤ አመሰገንኳት።

ዘምዘም ሰንበቴ ገበያ ላይ ከብት እንደምታይ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞረቻት። አልነካቻትም። «አስኪዳት» አለችው አብዱልጀሊልን።

«ሞተሯ እኮ ይሰማሻል፣ እንደ ዘፈን ነው።»

«በሬ ቆሞ አይገዛም። አስኪዳት።»

«በይ ግቢ፣ ከሚሴ ደርሰን እንመለስ።»

«እኔ አስፋልት ላይ አልኖርም። ቤቴ ድረስ ትምጣ።»

ቤታቸው ከአስፋልቱ ወደ ቦርከና ወንዝ በኩል ገባ ብሎ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ረጥቧል። አብዱልጀሊል ጭቃውን አየ፣ ነጯን መኪና አየ። «አጥቤ ነው እኮ ያመጣኋት።»

«ስገዛት አጥባታለሁ» አለች።

እምቢ ማለት አልቻለም። ቤት ድረስ ልትገባ የማትችል መኪና ማን ይገዛል? ጋቢናዋ የምትይዘው ሦስት ሰው ነው። አብዱልጀሊል መሪውን ያዘ፣ ሸሁ መሀል፣ ዘይኑ በር በኩል ገቡ። እኔ ከኋላ ካሶኒው ላይ ወጣሁ። ዘምዘምን ከእኔ ጋር ውጪ ብላት «ሂዱ፣ እኔ ከኋላ እያየሁ እመጣለሁ» አለች። ከብት የሚነዳ ሰው የሚሄደው ከኋላ ነው፤ አልገረመኝም።

ከአስፋልቱ ወረድን። የጋቢናውን ጣሪያ ይዤ ቆሜ፣ በኋላ መስታወት ወደ ውስጥ ሳይ የሸሁ መዳፎች ተነሱ። ጣሪያውን ደበደብኩት። «አንዴ አቁም!» አብዱልጀሊል አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ ማርሽ ቀየረ። መስታወቱ ገርበብ ስላለ እያንዳንዱ ቃል ይሰማኛል።

«ያ ረቢ፣ ለገዢ በረካ አድርጋት።»

«አሚን!» አለ አብዱልጀሊል፣ ለሁለት ሰው በሚበቃ ድምፅ። የዘይኑ እጆች ጉልበቱ ላይ እርስ በርስ ተያይዘዋል።

«ለሻጭም በገንዘቡ በረካ አድርግለት።»

«አሚን!» የዘይኑ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለም።

«ከአደጋ ጠብቃት፤ ነውር ካለባት አውጣው።»

«አሚን!» አብዱልጀሊል ነው። ዘይኑ አይኑን ጨፍኗል። ጀግና፣ አልኩ በልቤ፣ ትንሽ ብቻ ቆይ፣ ቤቱ ታየ።

«ይኼንንም ዝናብ የራህመት ዝናብ አድርግልን።»

«አሚን!» አለ ዘይኑ።

ስለ ዝናብ ዱዓ ሲደረግ ዝም የሚል ገበሬ እስካሁን አልተፈጠረም። እጆቹ ተዘርግተው ፊቱን አበሱ። ከዚያ ራሱ የተናገረውን ሰማ። ዞሮ በመስታወቱ አየኝ፤ እኔም አየሁት።

ደጃቸው ላይ ቆምን። አብዱልጀሊል ዘሎ ወረደ። «አልሐምዱሊላህ! አያ ዘይኑ፣ መብሩክ! ሰኞ ባንክ እንገናኝ።»

«ገና አላየሁም፣ ሻንሲው…» አልኩ።

«ሻንሲው አሚን ተብሎበታል።»

ዘይኑ የሚያየው በረቱን ነው። በረቱ ባዶ ነው፤ ጊደሯ ብቻ ጥግ ላይ ቆማ ታመነዥካለች።

ዘምዘም ገና አልደረሰችም። ቀስ ብላ፣ አንገቷን ደፍታ፣ መሬት መሬቱን እያየች ትመጣለች። አንድ ቦታ ቆመች። ወደኋላ ተመልሳ እንደገና አየች። ሁላችንም ጠበቅናት፤ አብዱልጀሊል ቁልፉን ጣቱ ላይ ያሽከረክራል።

ስትደርስ «ይቺ መኪና ስንት እግር ነው ያላት?» አለች።

«አራት» አለ አብዱልጀሊል።

«የኋላው የፊቱን ካልረገጠ ወገቡ የተሰበረ በሬ ነው። ኑና እዩ።»

ሄጄ አየሁ። ጤነኛ መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ስትሄድ የኋላ ጎማዋ በፊተኛው ዱካ ላይ ነው የሚያልፈው፤ ጭቃ ላይ ሁለት መስመር ትታ ትሄዳለች። እዚህ አራት መስመር ነው። መታጠፊያ ላይ ቢሆን ምክንያት ይገኝለት ነበር። መንገዱ ግን እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው። መኪናዋ ከአስፋልቱ እስከ ደጁ በጎኗ ነው የመጣችው። እኔ ይኼን ሁሉ መንገድ ላይዋ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ዱዓው አዙሬ ነው የመጣሁት።

«ጭቃው ነው ያንሸራተታት» አለ አብዱልጀሊል።

ከቤት የጠፍር መጫኛ አስመጣሁ። በቀኝ በኩል ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል ለክቼ ቋጠሮ አሰርኩ። በግራ በኩል ዞሬ ስለካ ቋጠሮው አራት ጣት አልፎ ወጣ፤ ሻንሲው ተጣሟል።

«ጠፍር ይሳባል» አለ።

«እንካ፣ አንተ ለካው።»

አልተቀበለኝም።

«ተገልብጣ ታውቃለች?» አልኩት።

«እኔ አልገለበጥኳትም።»

«ማን ገለበጣት?»

«ከእኔ በፊት የነበረው» አለና አፉን ያዘ። ግን ቶሎ ተመለሰ፤ ነጋዴ ነው። «ቢሆንስ? አሚን ተብሏል። ሸህ እዚህ አሉ፣ ይመስክሩ።»

ዘምዘም ወደ ባሏ ዞረች። «ብለሃል?»

ዘይኑ ቢዋሽ ኖሮ የምንመሰክርበት እኔና አጎትና የእህታቸው ልጅ ነበርን፤ እኔ ደግሞ ጆሮዬ ሊከዳኝ ዝግጁ ነበር። «ብያለሁ» አለ። «ስለ ዝናቡ ሲሉ… አመለጠኝ።»

ጉያዋን በእጇ ያዘች። ደብተሩን ልትሰጥ ይሁን ልትደብቅ አላወቅኩም።

ሸህ ሙሳ ከጋቢናው ቀስ ብለው ወረዱ። በዱላቸው እየተመረኮዙ በመጣንበት መንገድ ወደኋላ ሄዱ። አንዱ የጎማ ዱካ ላይ ዱላቸውን ያኖራሉ፣ ቀጥሎ አጠገቡ ያለው ላይ፣ እንደገና ወደፊት ይራመዳሉ። አብዱልጀሊል ቁልፉን ማሽከርከር ተወ። የጊደሯ ማመንዠክ ይሰማል። ሸሁ አጎቱ ናቸው፤ ደሙ ናቸው። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

«ዘይኑ፣ አሚን ብለሃል?»

«ብያለሁ ሸህ።»

«አብዱልጀሊል፣ አንተስ?»

«ብያለሁ ወላሂ! ሁሉም ላይ ብያለሁ!»

«እንግዲህ የእኔ ዱዓ አይፈርስም» አሉ ሸሁ።

ዘይኑ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለ። አብዱልጀሊል ቁልፉን ሊሰጠው እጁን ዘረጋ።

«ቆይ» አሉ ሸሁ። «ምን ብዬ ነው ዱዓ ያደረግኩት?»

«ለገዢ በረካ…»

«ከዚያስ?»

«ለሻጭ በረካ…»

«ከዚያስ?»

አብዱልጀሊል የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ።

«ነውር ካለባት አውጣው ብያለሁ። ትልቁን አሚን ያልከው አንተ ነህ፤ ጆሮዬን ነው ያደነቆርከው። ዱዓዬ አልፈረሰም። ደርሷል። ነውሯ ወጣ፣ ይኸው መሬት ላይ ተኝቷል። የተደበቀ ነውር ላይ ሽያጭ የለም። ቁልፍህን ኪስህ ክተት።»

አብዱልጀሊል ከተተ። ትንሽ ቆይቶ ግን «ዘምዘም፣ በግማሽ ዋጋ ብሰጥሽስ?» አለ።

«ወገቡ የተሰበረ በሬ በግማሽ የሚገዛው ለሥጋ ነው» አለች። «ይቺን ማን ይበላታል?»

ዘይኑ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ፤ ከዚያም ማንም ሳይልከው ለጊደሯ ሣር ሊያመጣ ሄደ። ከዚያ ዓመት ወዲህ በጨፋ በኩል ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው እኔን ሳይሆን ዘምዘምን ነው የሚጠራው። ባትሪም መጫኛም አትይዝም። ርጥብ መንገድ ብቻ ነው የምትጠይቀው።

አብዱልጀሊል ሞተሩን አስነስቶ በሩን ከፈተ። «ሸህ፣ ይግቡ፣ ላድርስዎት።»

ሸሁ ዱላቸውን አንስተው በእግር መንገዱን ጀምረዋል።

«ሩቅ ነው እኮ፣ ፀሐይ ነው፣ ይግቡ እንጂ!»

«አልገባም» አሉ ሳይዞሩ። «ዱዓው ገና እየሠራ ይሆናል።»